የሽማግሌዎቹ ሹፌር

አባቴ ብሥራትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት መኪና ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ነው። የተደበቀው ደግሞ ከእሳቸው ነበር! እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አያለሁ።

ብሥራትና እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ቢሮ ስንሠራ ተዋወቅን፣ ተዋደድን። በዚያ የሐምሌ ቅዳሜ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስቱን ሽማግሌዎች ከትውልድ አገሩ ከማክሰኝት ጓደኛው ቢያዝን ሊያመጣቸው ነበር። ቢያዝንን ግን ሌሊቱን ወባ ጣለው። አግቢ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይመጣም፤ ነውር ነው። ሌላ ሹፌር ሲጠፋ ብሥራት ራሱ ነዳ። ሽማግሌዎቹን በራችን ላይ አውርዶ እዚያው መኪናው ውስጥ ተሸሸገ።

ሳሎን ውስጥ አባባ ተቀመጡ ቢሏቸው እሺ አላሉም።

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት።

«እንግዲያው ቁማችሁ ስሙኝ። ታላቋን ልጄን ፀሐይወርቅን እንዲሁ ቁመው ለለመኑኝ ሰዎች ሰጠሁ። በሽማግሌ አፍ ክፉ ሙሽራ የለም! ልጄ ግን ዓመት ሳይሞላት እያለቀሰች ተመለሰች። ላላወቅሁት ሰው ዳግመኛ ልጅ አልድርም።»

«ቀጠሮ ይስጡንና እንመለስ።»

«ቀጠሮም የለኝ።»

እምቢ ያለ አባት ቀጠሮ ከሰጠ ተስፋ አለ። ቀጠሮ ከከለከለ ግን በሩን ዘጋ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ያለ አባቴ ምርቃት እንደማላገባ ለብሥራት ነግሬዋለሁ። እሱም አንድ ቀን አባትሽን ጥለሽ ነይ ብሎኝ አያውቅም። እንግዲህ አለቀልን ማለት ነው።

ረፋዱን ሙሉ ቆመው የለመኑት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ብሥራት ቁልፉን አዞረ።

ጢቅ... ጢቅ... ጢቅ። ከዚያ ዝም!

ተናደድኩ። ሰው ከተዋረደበት ደጅ ቶሎ መሄድ እንኳ እንዴት ያቅተዋል? ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው መግፋት ጀመሩ። ጎማው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ እንጂ ፈቀቅ አላለም። አባባ በመስኮት አዩ። ልጅ መከልከል ሌላ፣ ሽማግሌ በደጅህ መኪና ሲገፋ ማየት ሌላ!

«ተዉ! ኧረ በእግዜር ተዉ!» እያሉ ሮጠው ወጡ። ያኔ ነው ብሥራትን ያዩት።

«ሹፌሩ አንተ ነህ?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ብሥራት ቀስ ብሎ ወረደ።

«አዎ፣ የነዳሁት እኔ ነኝ።»

«መብራት ትተህ ነው?»

«እስከ ወረታ ዝናብና ጉም ነበር፤ አብርቼ መጣሁ። ፀሐይ ሲወጣ ማጥፋቱን ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባባ ኮፈኑን ከፈቱ። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዝገት ተጋግሯል።

«አደይ! ሙቅ ውሃ አምጪ!»

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወጣሁ። ዝገቱ ላይ አፈሰስኩ። ብሥራት ጫማዬን ብቻ ያያል። እኔም ባትሪውን ብቻ አያለሁ። አባባ መኪናቸውን አውጥተው አፍ ለአፍ አስጠጉና ኬብሉን አመጡ።

«ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ጠንቀቅ በል! አሁን የኔ ሞተር እየሠራ ትንሽ ይሙላ። እንጠብቅ።»

እየጠበቅን ሳለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ ልጄ። እነዚህ ሰዎች ተልከው ነው፤ ደግ ደጉን ይናገራሉ። አንተ ግን ሹፌር ነህ፣ የምታተርፈው የለም። ያን ብሥራት የሚሉትን ልጅ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ጥሩ ነው በል! ብዬ በሆዴ ጮህኩ።

«ግልፍተኛ ነው» አለ ብሥራት።

ይሄ ሰው አብዷል?!

«ተናግሮ ሲያበቃ ይጸጸታል፤ ይቅርታ ማለት ግን ይከብደዋል። ዝንጉም ነው።»

«ይጠጣል?»

«ለበዓል ጠላ ቢቀምስ ነው።»

«እጁን ያነሳል?»

«በፍጹም!»

«ይህን ያህል በምን እርግጠኛ ሆንህ?»

ብሥራት ቀና ብሎ ዓይናቸውን አየ።

«ብሥራት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

አባቴ እሱን አዩ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ አባባ...»

«በደጄ ላይ ቲያትር ትሠሩብኛላችሁ?!»

የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ዘወር ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡና በሩን ደረገሙት። ኬብሉን በጥሰው የሚሄዱ መሰለኝ።

«አባባ! እባክዎ!»

ነዳጅ ረገጡ። ሞተሩ ጮኸ።

«ምን ታያለህ? አስነሳው እንጂ!»

ብሥራት ዘሎ ገባና ቁልፉን አዞረ። ተነሳ! አባባ ወርደው ኬብሎቹን አንድ በአንድ ፈቱና መኪናቸውን ከፊቱ ዘወር አደረጉ።

«አሁን ካጠፋኸው አይነሳም። እየተነዳ ይሙላ» አሉና ከጎኑ ገብተው ተቀመጡ። «ንዳ!»

ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሲገፉ ጎማው ከጭቃው ወጣ፤ በሐይቁ ዳር መንገድ ተፈተለኩ። እኛ ደጅ ላይ ቀረን። መሪጌታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ። እህቴ ፀሐይወርቅ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«የኔ ጊዜ እኮ ሹፌሩን የጠየቀ አልነበረም» አለችኝ ቀስ ብላ። አቅፌያት አለቀስኩ።

በመኪናው ውስጥ የሆነውን ኋላ ብሥራት ነገረኝ። የዓባይን ድልድይ ተሻገሩ። ሲመለሱ አባባ ጠየቁት።

«ራስህን ማሞገስ ስትችል ለምን አላሞገስህም?»

«ቢድሩልኝ ነገም የሚያገኙት ይህንኑ ሰው ነው ብዬ ነው።»

አባባ በራችን ላይ ወረዱና ሽማግሌዎቹን ጠሩ።

«ግቡ። ቅድም የጠየቃችሁኝን እንደገና ጠይቁኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው እንደገና ቆሙ፣ እንደገና ለመኑ። አባባ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። በእኛ ቤት ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት ተጠይቃ አታውቅም።

«አደይ፣ ነይ ውጪ። እኔ ያወቅሁት የአንድ መንገድ ያህል ነው። አብረሽው የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

«እወደዋለሁ አባባ።»

አባባ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሏቸው ሽማግሌዎቹን። «ፍልሰታ ይፈታና የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን።»

ሦስቱም ተቀመጡ። እኔ ግን ወደ ደጅ በረርኩ። ብሥራት ሞተሩን ሳያጠፋ መሪውን ጨብጦ ይጠብቃል።

«ምን... ምን አሉ?»

«ፍልሰታ ይፈታና አሉ! ግባ፣ ምሳ ይብላ ብለዋል።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ፀጉሩን ዳበስኩት። ሰው ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም።

«በል አሁን አጥፋውና ግባ።»

«ኋላ ባይነሳስ?»

«ባይነሳ አባባ አሉ!»

አጠፋው።