አማቱን ዝም ያሰኘው ካርታ ሠሪ

የመኪና መሪ ከጨበጡ የሰው ልጆች ሁሉ የመጨረሻው ደካማ ካርታ ሠሪው ነበር፤ ማጋነን አይደለም። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን የገጨው የቆሻሻ ገንዳ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው የቆመው። አጠገቡ የተቀመጠችው የመንዳት አስተማሪ ግን ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

«የልብ ካርታ እሠራለሁ። ሆስፒታል ውስጥ የታመመ ልብ በኮምፒዩተር በቀለም እስላለሁ።»

አየችው። አያት። ከኋላ የቆሙት መኪኖች ጥሩምባቸውን ቢያቀልጡትም የሰማቸው የለም። ያን የመሰለ ፍቅር ከተማይቱ ከተቆረቆረች ወዲህ ታይቶ አያውቅም።

አባቷ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሲናገሩ ሦስት ሰፈር ይሰማል። ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣውን ወጣት ገና ሲያዩት፣ ቀለም መቀባት የሕፃናት ጨዋታ እንጂ የወንድ ሥራ አይደለም ብለው አሰናበቱት። እሷም ያለ አባቷ ፈቃድ እንደማታገባ ቁርጡን ነገረችው።

ብዙም ሳይቆይ የአባቷ የአንበሳ ልብ ታመመ። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መምታቱን ትተው ይርገበገቡ ጀመር፤ ኤሌክትሪኩ በየአቅጣጫው ይራወጣል። ተራራ በጭነት መኪና ያቋረጡት ሰው ደረጃ መውጣት አቃታቸው። በሚታከሙበት ሆስፒታል ይህን ረብሻ በካርታ የሚያወጣ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ራሱ። በሽተኛው የሚወዳት ልጅ አባት መሆናቸውን ለልብ ሐኪሟ ሲነግራት፣ እንግዲያው አብልጠህ ትጠነቀቃለህ ብላ ሳቀችበት።

በሕክምናው ቀን ሐኪሟ በአባትየው ጭን ደም ሥር ባስገባችው ቀጭን ሽቦ የልባቸውን ግድግዳ ነካ ነካ ታደርጋለች። በተነካው ቦታ ያለው ኤሌክትሪክ ስክሪኑ ላይ ቀለም ይሆናል፤ ጤነኛው ወይን ጠጅ፣ የደከመው ቀይ። ካርታ ሠሪው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ልባቸውን ነጥብ በነጥብ ይስላል። ከዚያ ሐኪሟ በካርታው እየተመራች የረብሻውን መነሻ በሽቦው ተኩሳ ታቃጥለዋለች። በሽተኛው ታዲያ ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ካርታው ሊያልቅ ሲል፣ በመድኃኒቱ በከፊል ያንቀላፉት አባት በድምፅ ማጉያው የካርታ ሠሪውን ድምፅ ለዩት።

«አንተ ነህ?» ብለው በክርናቸው ተነሡ። «ልጄን ትተዋታለህ ወይስ አትተዋትም? አሁኑኑ ንገረኝ።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ልብ ከቦታው ሸሸ። ካርታ ሠሪው አንዲት ለስላሳ ቃል ጣል ቢያደርግ ሰውየው ይለዝቡለት ይሆናል፤ ቢያስቀይማቸው ደግሞ ልጅቷ ቀረችበት። ይህን ሁሉ አወቀ።

«አባባ፣ ዝም ብለው ይተኙ» አላቸው። «ዶክተር፣ ካርታው ተንሸራቷል። በዚህ ከተኮስን ጤነኛውን ሥጋ ነው የምናቃጥለው። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

እኚህን ሰው ዝም ይበሉ ያለ ፍጡር፣ ትራፊክ ፖሊስም ጭምር፣ እስከዚያች ቀን አልነበረም። ተኙ። ካርታው እንደገና ተሠራ፣ የረብሻው መነሻዎች ተተኮሱ፣ ልባቸውም እንደ አዲስ ሞተር መምታት ያዘ።

በማግስቱ ካርታ ሠሪው ኮሌታውን አስተካክሎ ወደ ክፍላቸው ገባ። ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«ዝም በል ያልከኝ አንተ ነህ?» አሉት አባት።

«እኔ ነኝ።»

«ልጄንስ ዝም በይ ትላታለህ?»

«እሷን? ኧረ አልደፍርም።»

አባት ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሳቃቸውን ሲለቁት ከሦስት ፎቅ ነርሶች ሮጠው መጡ። ነርሶቹን ሁሉ ካባረሩ በኋላ፣ ከፈለግህ እሷን ጠይቃት፣ እኔ ምን አገባኝ አሉት።

«ከጠየቀኝ ቆየ፣ አባዬ» አለች ልጅቷ ብርድ ልብሳቸውን እያስተካከለች። «የቀረው ያንተ እሺ ነበር።»

ካርታ ሠሪው እጇን ያዘ። አባት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና የሚያስደንቅ ነገር እንዳየ ሰው ዓይናቸውን ተክለው ቆዩ። ከመስኮቱ ውጭ የነበረው ግን ባዶ ግንብ ብቻ ነው።