የሎጋ ልክ

ሎጋ ያሏት የቲያትር ቤቱ ሰዎች ናቸው። አንገቷን ቀና፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ስትራመድ ላያት ስሙ የተገባ ነበር። ሌሎቹ ሰፊዎች ከሰዓት በኋላ ድካም ሲጥላቸው ጠረጴዛው ላይ ይደፋሉ፤ እሷ ግን ወንበር እንኳን አትደገፍም። ኩራት ነው ይሉ ነበር አንዳንዶቹ። ኩራት ቢሆንማ ምን ነበረበት።

የሎጋ ጀርባ ጠማማ ነበር። በልጅነቷ አከርካሪዋ ወደ ቀኝ መጉበጥ ሲጀምር ሐኪሞች ባልዲ የመሰለ የፕላስቲክ መደገፊያ አለበሷት፤ ላቡና ቁስሉ መቀመጫ ሲያሳጣት አውልቃ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ቀጥ አድርጎ ያቆማት በገዛ እጇ የሰፋችው ኮርሴት ነው፤ የድሮ ዘመን ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ደረትና ወገባቸውን አጥብቀው የሚያስሩበት፣ በውስጡ ቀጫጭን ዘንጎች የተሰገሰጉበት የውስጥ ልብስ። ይህን ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በየማለዳው እናቷ ከኋላዋ ቆመው ማሰሪያውን በየቀዳዳው እያሾለኩ ይስባሉ፤ እሷ ትንፋሿን ውጣ ትቆማለች። «ገበናሽን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃሻል» ይሏት ነበር።

ሙያውንም የሰጣት ይኸው ገበና ነው። ቲያትር ቤቱ የድሮ ታሪኮችን ይጫወታል፤ በጓዳውም ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ልብሶች በሣጥን ታጭቀው ይኖሩ ነበር። ገና ጀማሪ ሳለች አንዱን ሣጥን ስትፈትሽ ማንነቷ የማይታወቅ ሴት የለበሰችው ኮርሴት እጇ ገባ። የቀኝ ጎኑ እንደማንኛውም ኮርሴት ስስ ነው፤ የግራው ግን በጨርቁና በገበሩ መሃል ጥጥ ተሞልቶ በጥቃቅን ስፌት ተደፍኗል። ሎጋ ጥጡን በጣቷ እየዳሰሰች መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንደ እሷ ጀርባዋ የጠመመ፣ መቶ ዓመት የቀደመቻትን እህቷን ያገኘች መሰላት።

ከዚያ በኋላ የድሮ የውስጥ ልብስ መስፋት እንጀራዋም ፍቅሯም ሆነ። ከገላ ጋር የሚውለው የበፍታ ሸሚዝ፣ ከላዩ ኮርሴቱ፣ ቀሚሱን ከኋላ የምታነሣው የዳሌ ትንሽ ትራስ፣ ከዚያ ሽብሽቡ የውስጥ ቀሚስ። ተዋናዮቹ ማን ሊያየው ብለው ሲነጫነጩባት፣ ቀሚስ የሚቆመው ከሥሩ ባለው ነው እያለች ታስታጥቃቸዋለች። የድሮዎቹ ሰፊዎች ማንም የማያየውን ጠርዝ እንኳን አጥፈው፣ ደግመው አጥፈው መስፋታቸው ያስደንቃት ነበር። ብብት ሥር የተጣፈችውን እራፊ፣ ለእርግዝና የተለቀቀውን ወገብ እያየች የባለቤቶቹን ኑሮ ትገምታለች፤ አንዳንዴም ታማቸዋለች።

አናጢው የመጣው ለእነዚህ ልብሶች መሳቢያ ሊሠራ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው ነበር። ዓይኑ ግን ውኃ ልክ ነው ይባልለታል፤ ሜትር ሳይዘረጋ የጠረጴዛን መዛነፍ ይናገራል። ሥራውን ጨርሶ ሲገጣጥም ሎጋ አንዱን መሳቢያ ሳብ ብታደርገው ላላ ብሎ ተወዛወዘ።

«ሰፋ እኮ» አለችው። «ልክ አልወሰድክም እንዴ?»

«ወስጃለሁ።»

«ታዲያ?»

መሳቢያውን መልሶ ገፋው። «እንጨት ክረምት ሲገባ ያብጣል። ዛሬ ልክ ካደረግኩልሽ ያን ጊዜ አይከፈትልሽም። እኔ የምሠራው ለኋላው ነው።»

ሎጋ «ለኋላው» የምትለዋን ቃል ይዛ ከሰፊዎቹ ጋር ስትስቅ ሰነበተች። ክረምቱ ገባ። የጓዳው ቁም ሣጥኖች ሁሉ ጥርሳቸውን ነክሰው አንከፈትም ሲሉ የእሱ መሳቢያ በአንድ ጣት ተከፈተ። ይህን ልትነግረው ከቲያትር ቤቱ ጀርባ ወዳለው አናጢ ቤት ሄደች። ነግራውም ቶሎ አልተመለሰችም።

መመላለሱ በዚያው ቀጠለ። እሱ ልብሶቹ የሚለኩባቸውን እጅና እግር የሌላቸው የእንጨት አሻንጉሊቶች ይጠርባል፤ እሷ አጠገቡ ባለ በርጩማ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ የማሰሪያ ቀዳዳ በክር ትከባለች። የድሮ ሴቶች በዚያ ሁሉ ልብስ ታጥቀው እንዴት ይተነፍሱ እንደነበር ይጠይቃታል፤ ትነግረዋለች። ቀና ብሎ ያያትና ዓይኗ ከዓይኑ ሲገጥም ወደ ሥራው ይመለሳል። ዝምታው ለሌላው ሰው ይከብድ ይሆናል፤ ሎጋን ግን ያሳርፋት ነበር።

አንድ ቀን መላጊያውን አስቀምጦ፣ «ቤቴ መስኮት አጠገብ የስፌት መኪና የሚያስቆም ቦታ አለ» አላት።

«መኪናው ብቻውን ይምጣ?»

«ብቻውን ከመጣ አልቀበለውም።»

ሳቀች። ቤቷ ስትደርስ ግን ሳቋ ጠፍቶ ነበር። ልትነግረው ይገባል። ሲሰማ ደግሞ ጥሏት ይሄድ ይሆናል። እናቷ ምክራቸው አጭር ነበር። «አግብቶሽ ይወቅ። ያገባ ወንድ ያየውን ይችላል፤ ያላገባ ግን እግሬ አውጪኝ ይላል።» ሎጋም ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለች አቆየችው።

በዚያ ላይ የእናቷ ጣቶች እየደረቁ መጡ። የመገጣጠሚያ ሕመም ይዟቸው ማሰሪያውን ሲስቡ ያቃስታሉ፤ ሎጋም ሥራ ታረፍድ ጀመር። አናጢው ለምን እንደምታረፍድ ሲጠይቃት የእናቷን ጣቶች ሕመም ነገረችው።

«ጠዋት ጠዋት ምን ይሠሩልሻል?»

«ፀጉሬን ይጎነጉኑልኛል።»

ፀጉሯ ከጆሮዋ አያልፍም። አናጢው ፀጉሯን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያም ምንም ሳይል ወደ እንጨቱ ዞረ። ቀስ ብሎም የእናቷ ጣቶች እየባሰባቸው እንደሆነ ጠየቃት። አዎ አለችው።

ከዚያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው ጉድ የፈላው። ያን ቀንም አርፍዳ ነበር። ስፌት ክፍል ስትገባ ከእሷ ጠረጴዛ አጠገብ ሰዎች ተሰብስበዋል። አናጢው በማለዳ አንድ አሻንጉሊት በአንሶላ ሸፍኖ ለእሷ አስቀምጦላት ወጥቷል፤ ልብስ የምትተኩሰው ሴትዮ ደግሞ አዲስ ለሚጀመረው ተውኔት የመጣ መስሏት አንሶላውን ገፍፋዋለች። ቀኝ ጎኑ ያበጠ፣ ግራው የጎደጎደ፣ አንዱ ዳሌ ከሌላው ከፍ ያለ የሴት አካል ነበር። ተኳሿ ይቺ ደግሞ የየትኛዋ ጎባጣ ናት ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ።

ማንም አላወቃትም። ሎጋ ግን ራሷን አወቀች።

አሻንጉሊቱን መልሳ ሸፈነችው፤ ታቅፋም ወደ አናጢ ቤቱ ወሰደችውና በሩን ከውስጥ ዘጋች።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለችው አናጢውን።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«መሳቢያውን ከገጠምኩበት ቀን።»

ይህን ስትሰማ እፎይ ማለት ይገባት ነበር። እያወቀ ነው የወደዳት፤ እያወቀ ነው ነይልኝ ያላት። እሷ ግን ያኔ የተሰማት ውርደት ብቻ ነው። እጇ እንደልማዱ አንሶላው ሥር ገብቶ የእንጨቱን ጀርባ ለካ፤ የሰፊ እጅ አይሳሳትም። እንጨቱ ከእሷ ይበልጥ ጠማማ ነበር።

«እኔ እንዲህ አልጎበጥኩም» አለች። «ከእኔም አብልጠህ አጉብጠኸኛል። እንዲህ ነው የምታየኝ?»

«በልጧል፤ እሱስ ልክ ነሽ። ቆይ ልንገርሽ…»

ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ሌላ ቀን ቢሆን እስኪናገር ትጠብቀው ነበር። ያን ቀን ግን የተኳሿ ሳቅ ጆሮዋ ላይ ያቃጭል ነበርና አልጠበቀችም። «ገበናዬን አደባባይ አወጣኸው» አለችው። «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላየው።»

ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር። እናቷ በሩን ገርበብ አድርገው የለችም አሉት። ሎጋ ኮርሴቷ ተፈትቶ አልጋው ላይ ተጋድማ፣ በሩ ላይ ያለውን ዝምታ ታዳምጥ ነበር። ረጅም ጊዜ ቆመ። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ትነሣ እንደነበር ኋላ ለራሷ ትናገራለች። አልተናገረም፤ እርምጃው ራቀ።

ቲያትር ቤቱን ለቆ ወደ ሌላ ከተማ የጣሪያ ሥራ ሄደ። ዓመት ሳይሞላው ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ሞተ። ለሌላው የኋላውን ሲያስብ የኖረው ሰው የሞተው ሌላ ሰው ባሰረው መወጣጫ ነው።

ወሬውን ያመጣችው የቀሩትን መሣሪያዎቹን ልትወስድ የመጣችው እህቱ ናት። ሎጋ የምትባለዋን አሳዩኝ ብላ መጥታ ፊቷ ቆመች። ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ስለ አንቺ ብዙ አልነገረኝም» አለቻት። «የቤቱን መስኮት ግን አስፍቶት ነበር። ልብስ ሰፊ ብርሃን ትፈልጋለች ብሎ።»

እህቱም መልስ አልጠበቀችም፤ የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክማ ወጣች።

እናቷ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ከቀብር ማግሥት ሎጋ ኮርሴቷን ይዛ መስታወት ፊት ቆመች፤ ከኋላዋ ማንም የለም። በራሷ እጅ ከፊት የሚታሰር አዲስ ልትሰፋ አሰበች፤ ነገር ግን የገዛ ጀርባዋን አታየውም፣ አትደርስበትምም። ያን ጊዜ ነው በአናጢ ቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣው አሻንጉሊት ትዝ ያላት። የእናቷ ጣቶች እየባሰባቸው እንደሆነ ለምን እንደጠየቃት አሁን ገባት። ሰው እንዳያስፈልጋት፣ ማንንም ሳትለምን ጀርባዋን ፊቷ አቁማ እንድትሰፋ ነበር የሠራላት። ለማመስገን ዘግይታለች፤ የዘገየ ምስጋና ደግሞ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ቤቷ ወስዳ ለካችው። አሁንም ከእሷ ይበልጥ ጎብጧል። ዓይኑ ውኃ ልክ ነው የተባለለት ሰው እንዴት እሷ ላይ ተሳሳተ? እያዘነችለትም ተቀየመችው። የጎደጎደውን ጎን በጥጥ ደራርባ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ከራሷ ልክ ጋር አስተካከለችውና ሥራዋን ሠራች።

ዓመታት አለፉ። አከርካሪዋ መጉበጡን አልተወም። ኮርሴቱ ሲጠብባት አሻንጉሊቱን ትፈታና ከጥጡ አንድ ድርብ ታነሣለች፤ ከዚያ በአዲሱ ልክ ትሰፋለች። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ድርብ። ሎጋ የሚለው ስምም ከአንጋፋዎቹ ጋር ጡረታ ወጣ፤ አዲሶቹ ሠራተኞች እትዬ ይሏታል።

ዘንድሮ ክረምት፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ፣ የመጨረሻዋን ጥጥ አነሣች። አዲስ ኮርሴት ሰፍታ ባዶውን ለቀረው እንጨት አለበሰችው። አንድም ቦታ አልተሸበሸበም። ተጠራጥራ ራሷ ላይ አሰረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የትም አልቆረቆራትም።

እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች። አናጢው አልተሳሳተም ነበር። የጠረበው ያኔ የነበረችውን ሎጋ ሳይሆን አብሯት ሊያረጅ ያሰባትን ሎጋ ነው። ዓመት በዓመት ምን ያህል እንደምትጎብጥ አስቀድሞ አይቶ፣ ሳይፈራና ሳይጸየፍ እስከ እርጅናዋ ድረስ ገምቷታል። እሷ ግን አንድ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ መታገሥ አቃታት። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የእንጨቱን ጎን በሁለት እጇ ይዛ እስኪደክማት አለቀሰች።

በማግሥቱ ሥራ ስትገባ ዝናቡ አላባራም ነበር። ጓዳ ገብታ የእሱን መሳቢያ በአንድ ጣት ሳበችው፤ ተከፈተ። በወጣትነቷ የሰፋችውን የመጀመሪያ ኮርሴቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከዚያች ከማታውቃት ሴት ኮርሴት ጎን አስተኛችው። የሁለቱም ግራ ጎን በጥጥ የተሞላ ነው። አንዴ አስተካከለቻቸውና መሳቢያውን መልሳ ገፋችው።