የቁልቋል በርን ታሪክ ማን ወሰደው?

ደብተሩ ጠፋ።

ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ተጠጥቶ፣ ሰው ጫማውን ሊያደርግ በር ላይ ሲጋፋ ነው ጋሽ ሀብተማርያም የጮኸው።

«ማንም እንዳይወጣ!»

ሰው ሁሉ አንድ እግሩ ቦት ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሩ በካልሲ፣ ቀጥ አለ።

ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ የጋሽ ሀብተማርያም ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የኪዳነምሕረት ማኅበር ነው። ዘጠኝ ሰው። በትውልድም በጋብቻም ሁሉም ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለች አንዲት ገጠር፣ ከቁልቋል በር ነው። እዚያ ትንሽ ቤተክርስቲያን አለች። ቆርቆሮዋ የዛገ፣ ምእመኗ ሁለት መቶ የማይሞላ። ጋሽ ሀብተማርያም የእሷን ታሪክ አራት ዓመት ሙሉ በእጁ ሲጽፍ ከረመ። ኮምፒውተር አያምንም። ኮፒም የለው።

ሰኞ ከሰዓት ማተሚያ ቤት ሊገባ ነበር። ማክሰኞ መንገደኛ ይዞት ሊበር። ከዚያ ለየካቲት ኪዳነምሕረት፣ በንግሡ ቀን፣ ቁልቋል በር ላይ በሕዝብ ፊት ሊነበብ።

«እዚህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር! ሰማያዊ ደብተር!» ሰውየው ሰባ ዓመቱ ነው፤ ተንበርክኮ ግን ከቴሌቪዥኑ ሥር ይዳብሳል።

አሰፋሽ ሶፋው ላይ ናት። ሰባ ስድስት ዓመቷ። ማኅበሩ ውስጥ የገባችው በባሏ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ግን ታነባለች። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ከማን መኪና እንደወረደ፣ ከእሷ የሚያመልጥ የለም።

«ቦርሳችሁን ክፈቱ» አለች።

«እትዬ አሰፋሽ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?» አለ ዓለሙ።

«ፖሊስ ቢመጣ ይሻልሃል?»

ቦርሳ ሁሉ ተከፈተ። ሊፕስቲክ ወጣ። የስኳር መድኃኒት ወጣ። ከአንዷ ቦርሳ የጋሽ ሀብተማርያም ሁለት ማንኪያ ወጣ። ደብተር ግን የለም። ሶፋው ተገለበጠ፣ ፍራሹ ተነሳ፣ ፍሪጁ ሳይቀር ታየ።

የለም።

ምን ይደረግ፣ ሰው ተበተነ። የቀጣዩ ወር ተረኛ ጸሐይወርቅም ጽዋውን ከነመሶቡ፣ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ፣ ተሸክማ ወጣች። ደብተር ቢጠፋም ጽዋ ያለ እልልታ አይሸኝም። እየከፋቸው እልል ብለው እስከ ሊፍቱ ሸኟት።

አሰፋሽ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለደብተሩ ብቻ አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ እሷ የማታውቀው ነገር መኖሩ አንገበገባት።

እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ዓለሙን ፓርኪንጉ ላይ ያዘችው። ዓለሙ «ታሪኩን መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ» እያለ ዓመት ሙሉ ያጉረመረመ ሰው ነው።

«ትናንት በምሳ መሃል ለምን ወረድክ?»

«መኪናዬን ላነሳ።»

«ስትወርድ ጃኬትህ አብጦ ነበር። ስትመለስ ተንፍሶ ነበር።»

«እትዬ አሰፋሽ…»

«በኪዳነምሕረት ይዤሃለሁ።»

ዓለሙ ግራ ቀኝ አየ። ሚስቱ አጠገብ የለችም።

«ዳቦ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«የማኅበሩ ድፎ ዳቦ። ግማሹን። ስኳሬ ከፍ ካለ ጀምሮ ቤቴ ዳቦ አይገባም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ በላሁት።»

አሰፋሽ የመኪናውን በር ከፈተች። ወንበሩ፣ መሪው፣ ወለሉ ፍርፋሪ በፍርፋሪ ነው።

«አንተስ ሌባ ነህ» አለችው፤ «የኔ ሌባ ግን አይደለህም።»

ቀጥሎ ናዝራዊት። ናዝራዊት ደብተሩን በኮምፒውተር ልጻፍልዎ ብላ ጋሽ ሀብተማርያምን ስትለምነው ከርማ፣ እምቢ ሲላት «ሲጠፋ እንዳትጠሩኝ» ያለች ናት። ቅዳሜ ደግሞ ግማሽ ሰዓት መታጠቢያ ቤት ተቆልፋ ነበር።

«እዚያ ውስጥ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«እማማ፣ እሱ እኮ ፕራይቬት ነው!»

«ውሃውን ከፍተሽ ታወሪ ነበር። ከማን ጋር?»

ናዝራዊት ጆሮዋ ቀላ። «ብሩኪ ኮል አድርጎልኝ ነው።»

«የኖርዝ ዮርኩ ብሩኪ? ፋርማሲ የሚሠራው?»

«አዎ።»

«ደግ ልጅ ነው። እናቱ ግን…» አሰፋሽ ምላሷን ነከሰች። ሥራ ላይ ናት።

ናዝራዊት ኩርፍ አለች። «ይልቅ እኔን ከሚጠረጥሩኝ፣ የሚቀጥለው ወር ተራ የኔ ነበር። እትዬ ጸሐይወርቅ ለምነው ወሰዱብኝ፤ እኔ ዝም አልኩ።»

አሰፋሽ ቀጥ አለች።

«ጸሐይወርቅ ተራ ለመነች?»

«አዎ። ለእኔ ስጪኝ አሉኝ።»

«መቼ?»

«እዚያው ቅዳሜ። ዳቦው ሲቆረስ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተራው በደረሳት ቁጥር ጸሐይወርቅ ምክንያት አጥታ አታውቅም። አንዴ ጉልበቷን አሟት ነው። አንዴ ሊፍቱ ተበላሽቶ። አንዴ ትኋን ገብቶባት። የፓርክዴል ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋው ላይ ነው የሚቀመጠው። እሷ ተራ ትለምን?

ቦርሳ ታይቷል። ፍሪጅ ታይቷል። የጽዋውን ጨርቅ ግን ከተረኛው በቀር ማን ይነካዋል?

ሰኞ ጠዋት አሰፋሽ ጋሽ ሀብተማርያምን አስነስታ፣ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በስትሪትካር ፓርክዴል አደረሰችው። ለምን ቢላት «ዝም ብለህ ና» ነው መልሷ።

ጸሐይወርቅ በሩን ከፈተች። ሁለቱን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

መሶቡ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጨርቁን አንሺው» አለች አሰፋሽ።

«ያለ ቀኑ? ነውር አይደለም እንዴ!»

«ነውሩ ያለው ከሥሩ ነው። ተረኛ አንቺ ነሽ፤ አንሺው።»

ጸሐይወርቅ አነሳችው። ከማሰሮው ሥር፣ ጠላ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሰማያዊው ደብተር ተኝቷል።

ጋሽ ሀብተማርያም ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «አንቺ ሴት! አራት ዓመት የለፋሁበት!»

«አባቴስ?» ጸሐይወርቅ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። «የድሮዋ ቤተክርስቲያን በመብረቅ ስትቃጠል መሬቱን የሰጠው አባቴ ነው፣ ዘውዴ! የባቄላ ማሳችንን ነው የሰጠው። እናቴ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች፤ አይቻለሁ። ባለፈው ወር ግን ስታነብልን ‹ገብረእግዚአብሔር የሚባል ሰው ሰጠ› አልክ። ደውዬ ነገርኩህ። ምን አልከኝ?»

ጋሽ ሀብተማርያም የደብተሩን ሽፋን በእጅጌው ጠረገ።

«‹ትዝታ ማስረጃ አይሆንም› አልከኝ!»

«የደብሩ መዝገብ እንደዚያ ይላላ! ካህናቱ ፎቶ አንስተው ነው የላኩልኝ። እኔ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው፣ ዘውዴን የት አውቄ?»

«ላቃጥለው አሰብኩ፤ የኪዳነምሕረት ስም አለበት፣ እጄ እምቢ አለኝ። መንገደኛው እስኪበር ብቻ ልደብቀው ብዬ ነው። አባቴ በገዛ መሬቱ ላይ፣ በአገሩ ሰው ፊት፣ ሲሰረዝ እንዳልሰማ።»

አሰፋሽ አልጋው ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ሀብተማርያም፣ እስኪ ድንጋይ ያመላለሱትን ሰዎች አንብብልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

መነጽሩን አደረገ። «ወልደሚካኤል። ኃይለማርያም። ወለተሥላሴ። ገብረመስቀል። ወለተጻድቅ…»

«ስንት ናቸው?»

«አርባ።»

«ከአርባው ውስጥ በላቸው የለም? ሽፈራው? ደስታ?»

«የለም። ያኔ የሰው ስም እንዲህ ነበር።»

«አይ የተማረ ሰው! የባሌ አባት እዚያ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ወገቡን የተሰበረው፤ ቁልቋል በር በሙሉ የሚያውቀው ጫኔ ብሎ ነው። የታለ ጫኔ?»

ጋሽ ሀብተማርያም ገጹን ገለበጠ። መልሶ ገለበጠ። ጫኔ የለም።

«ካህን የቤት ስም ይጽፋል እንዴ? የክርስትና ስም ነው የሚጽፈው! ወለተሥላሴ ብሎ ልጁን ለእራት የሚጠራ ማን አለ?»

ጋሽ ሀብተማርያም መነጽሩን አወለቀ። ጸሐይወርቅ አፏን በእጇ ያዘች። የአባቷን የክርስትና ስም አታውቅም። እሱ ሲቀበር እሷ ካርቱም ነበረች፤ የክርስትና ስሙ የተጠራበትን የፍትሐት ጸሎት አልሰማችም።

ቁልቋል በር ላሉት ለቄስ ጸጋአብ ተደወለ። ስፒከሩ ተከፈተ።

«አባ፣ ዘውዴ የሚባል ሰው፣ የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» አለ ጋሽ ሀብተማርያም።

«የትኛው ዘውዴ? መሬት የሰጠን?» አሉ ቄሱ። «ገብረእግዚአብሔር ነዋ። ምነው?»

«ልጁ ናት እዚህ ያለችው።»

«ጸሐይወርቅ? አለሽ? ልጄ፣ አባትሽ ካረፈ አርባ ዓመት ሆነው፤ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ስሙን ሳንጠራ ቀርተን አናውቅም።»

ጸሐይወርቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው።

ጋሽ ሀብተማርያም አጎንብሶ እስክሪብቶውን ሰጣት። «ከጎኑ ‹ዘውዴ› ብለሽ ጻፊ፤ በራስሽ እጅ። ማስረጃዬ አንቺ ነበርሽ፤ አልሰማሁሽም፤ ይቅር በይኝ።» ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረ። «አባ፣ እንዳይዘጉት። ገና አርባ ሰው ይቀረናል።»

«አርባ?» አሉ ቄሱ። «የሠርክ ጸሎት ሊደርስብኝ ነው እኮ!»

እስከ እኩለ ቀን ያስታወሱትን ሁሉ አስለፈለፏቸው። ደብተሩ ከሰዓት ማተሚያ ቤት ገባ። ማክሰኞ በረረ።

ሲለያዩ ጸሐይወርቅ የአሰፋሽን ክንድ ያዘች። «እትዬ፣ እኔ መሆኔን ሰው እንዳይሰማ።»

«ማንም አይሰማም» አለች አሰፋሽ።

ጋሽ ሀብተማርያም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አሰፋሽና ምሥጢር!

በቀጣዩ እሁድ ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ በሙሉ የባቄላውን ማሳ ያውቅ ነበር። መብረቁን ያውቃል። ዘውዴን ያውቃል፤ ሚስቱ ስንት ቀን እንዳለቀሰች ሳይቀር ያውቃል። ቁልቋል በር በካርታ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ጸሐይወርቅን ቤተክርስቲያን በር ላይ እያስቆመ «የዘውዴ ልጅ አንቺ ነሽ?» ይላታል፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ «ነኝ» ትላለች። ወሬውን ማን እንዳዳረሰው መጠየቅም አያስፈልግ።

ዓለሙ አሰፋሽን ከሰው ነጠል አድርጎ ያዛት።

«እትዬ አሰፋሽ፣ ይሄ ሁሉ ይሁን። ደብተሩን የወሰደው ግን ማን ነው?»

አሰፋሽ አፏን ከፈተች። ዘጋች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ። በሰባ ስድስት ዓመቷ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

«የቱ ደብተር?» አለች።