ስም የተለጠፈባት ልጅ

«ጥያቄ አለኝ» አለ ክፍሉ ሁሉ «መነጽሩ» የሚለው ልጅ፣ ከመጨረሻው ወንበር ብድግ ብሎ።

ሰሌዳው ፊት የቆመችው ልጅ ከጥናት ወረቀቷ ቀና አለች። ከሰው ሁሉ እሱ! የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሯ ለወላጆች ቀን የሚቀርበውን ጥናት የሚመርጡት ዛሬ ነው። ነርስ እናቷ ደግሞ «የኔ ልጅ ሳትመረጥ ትቀራለች?» ብላ ገና ካሁኑ ፈረቃዋን አስቀይራለች።

ያጠናችው ንድፈ ሐሳብ፣ አንድን ልጅ «ሰነፍ»፣ «ዱርዬ» እያሉ ከጠሩት ውሎ አድሮ ያንኑ ይሆናል ይላል። እሷም የማጠናከሪያ ትምህርት የሚወስዱትን ልጆች ጠየቀች። ሁሉም ማለት ይቻላል ድሮ «ሰነፍ» ተብለዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

«የጠየቅሻቸው የደከሙትን ብቻ ነው» አለ መነጽሩ። «ተቺዎቹ ምሁራንም የሚሉት ይህንኑ ነው። ስም ተለጥፎባቸው ምንም ያልሆኑትንስ ማን ጠየቃቸው? ደግሞስ ቀድሞ የመጣው የቱ ነው? ስድቡ ነው ወይስ ድካሙ?»

የተቺዎቹን ገጽ እሷም አንብባዋለች። አናድዷት ነው የዘለለችው።

ፊት ለፊት የተቀመጠችው የልብ ጓደኛዋ አንገቷን አስግጋ አንሾካሾከች። «ምን ትጠብቂያለሽ? ‹ኤሊ› ያለሽ እሱ አይደል እንዴ! ይህን ንድፈ ሐሳብ እሱ ካልጠላው ማን ይጥላው? ልክ ልኩን ንገሪው!»

እውነቷን ነው። ታች ክፍል እያሉ ማንበብ ሲያቅታት «ኤሊ» ያላት እሱ ነው። ስንቴ ትራሷ ላይ ተደፍታ አልቅሳለች! አሁን «ስም ለጣፊው ራሱ ነው» ብትል ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል፣ እሱም ኩምሽሽ ብሎ ይቀመጣል። ኧረ እንዴት ደስ ይላል! ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ይሳቁ እሺ። ጥያቄውስ የት ይሄዳል? «ኤሊ» ተብላ ዛሬ በንባብ ክፍሏን የምትመራው ራሷ ናት። በገዛ ጥናቷ ውስጥ ራሷን ረስታለች።

«መልስ አለሽ?» አሉ መምህሯ።

«የለኝም» አለች። «ልክ ነው። ስም ተለጥፎባቸው ያልወደቁትን አልጠየቅኩም። ጥናቱ አላለቀም።»

ጓደኛዋ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«እንግዲያው ለወላጆች ቀን አይደርስልሽም፣ ልጄ» አሉ መምህሯ።

«አውቃለሁ።» እናቷን አሰበችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ መነጽሩ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«እኔ እኮ ላሳጣሽ ብዬ አይደለም። ያ የድሮው ነገር ደግሞ...»

«እሱን ገና ይቅር አላልኩህም» አለች ቆጣ ብላ። «ጥያቄህ ግን ልክ ነው። ና ተቀመጥ። አሁን ጠያቂው አንተ ነህ፤ ከኔ ጀምር።»

ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋችለት። ልጁ ጆሮው ቀላ። እስክሪብቶውን አንስቶ፦

«ስም... ስም የለጠፈብሽ ሰው አለ?» አላት።

«አለ» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «ጻፍ።»