የጉዴ ብልቃጥ

የጉዴ አስከሬን ተገንዞ ሊወጣ ሲል ወንድሟ ኦሊቃ እጃጂ ከተማ ያለውን የቤቷን ደጃፍ ዘግቶ ቆመ። «ባሏ ነው የገደላት! ጉማ ሳይከፍል አትቀበርም!» እያለ የደም ካሳ ጠየቀ። የአጎቱ ልጆች ዱላቸውን ጨብጠው የሟችን ባል ዲንሳን ከበቡት።

ከአምቦ የተጠራችው ኢንስፔክተር ቢፍቱ ስትደርስ ዓይኗ ማረፊያ አጣ። ነገሩን ቶሎ ካልፈታችው ከዚህ ግቢ ሁለተኛ ሬሳ እንደሚወጣ ልቧ ነግሯታል።

«በምን ገደላት ይላሉ፣ ኦቦ ኦሊቃ?»

«መድኃኒት ነፍጓት! ጎረቤታችን ኡርጌ በዚሁ በጡት ካንሰር ታማ፣ በየቀኑ ክኒን እየዋጠች ይኸው ቆማ ታለቅሳለች። እህቴ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።»

«አካስ ሚቲ፣ እንደዚያ አይደለም!» አለ ዲንሳ። «ክኒኑ አይሠራላትም ያለችን ሐኪሟ ናት።»

ሐኪሟ ዶክተር ሹኩሪያ ለቅሶ መጥታ ነበር። ቢፍቱ ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«እውነቱን ነው» አለች ሹኩሪያ። «ክኒኑ የሚጠቅመው ዕጢው የሆርሞን ተቀባይ ሲኖረው ነው። ከዕጢዋ የተቆረጠው ናሙና አዲስ አበባ ተመርምሮ የለውም ተባለ። ግሬዱ ግን አንድ ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት።»

ቢፍቱ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ናት። «ለምን ‹ግን› አልሽ?»

«ግሬድ አንድ ሆኖ ተቀባይ የሌለው ከስንት አንድ ነው። የናሙናው ሥጋ ከማቆያ ፈሳሹ ከፎርማሊን ከወጣ ግን ይበላሻል፤ ያለውም የለም ሊባል ይችላል። እንዲደገም ፈልጌ ነበር፤ ኋላ ግን መንገድ ለረጅም ጊዜ ተዘጋና ሳይሆን ቀረ።»

ቢፍቱ ወደ ዲንሳ ተመለሰች። «ናሙናውን ማን ወሰደው?»

«እስከ አምቦ መናኸሪያ እኔ። ናሙናው ያለበት ብልቃጥ ተከድኖ እንኳ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ከዚያ ለኦሊቃ ሰጠሁት።»

ኦሊቃ ሲጠየቅ ደረቱን ነፋ። «መንገድ ተዘግቶ ጊንጪ አክስቴ ቤት አደርኩ። በማግሥቱ ጉልበቴ ላይ አድርጌ አደረስኩት። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር፤ ምን ሸተተ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

ቢፍቱ ሁሉንም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበች።

«ክኒኑን የከለከላት ዲንሳ ሳይሆን የምርመራው ውጤት ነው» አለች። «ውጤቱ ደግሞ ከግሬዱ ጋር አይጣጣምም። እንግዲህ ናሙናው መንገድ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው። አምቦ ላይ ዓይን ያስለቀሰ ብልቃጥ በማግሥቱ ጢም ባለ ሚኒባስ ማንንም አላስነጠሰም። ዓይን የሚያቃጥለው ፎርማሊን ጊንጪ ቀርቷል። ኦቦ ኦሊቃ፣ በምን ተኩት?»

«የእህቴ ሥጋ መርዝ ውስጥ ነበር» አለ ኦሊቃ። «እኔን እንዲህ ካቃጠለኝ እሷን እንዴት ያደርጋት ይሆን ብዬ አውጥቼ አጠብኳት። ብልቃጡንም አክስቴ ቤት በነበረው ጸበል ሞላሁት። እንድትድንልኝ ብዬ ነው።»

የአጎቱ ልጆች ዱላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ክኒኑን ብትውጥ ትድን ነበር?» አለ ኦሊቃ።

«ምናልባት» አለች ሹኩሪያ። ቢፍቱ ይህችን ቃል ባትሰማ ደስ ባላት።

ኦሊቃ ዲንሳ እግር ላይ ወደቀ። «ጉማ ከፋዩ እኔ ነኝ። ጠይቀኝ።»

ዲንሳ ክንዱን ይዞ አነሳው። «ያ የሚያቃጥል ውሃ ምን እንደሆነ ለሁለታችንም የነገረን የለም። እኔም ጊንጪ ባድር ኖሮ አጥባት ነበር። ና፣ የሬሳ ሳጥኑን በዚያ በኩል ያዝ።»