ወደ ግራ ሲታጠፉ

እኔ መካኒክ ነኝ፣ ከመኪና የሚወጣ ድምፅ ሁሉ አባት አለው ብዬ የማምን ሰው፤ ወይ ያለቀ ኩሽኔታ ነው፣ ወይ የላላ ቡሎን ነው፣ ወይ ግራሶ የደረቀበት ቦታ ነው፣ ከዚያ ውጭ ዓይን ነው፣ መንፈስ ነው ሲሉኝ ስቄ ነው የማልፈው፣ እንዲያውም ነቀምት ውስጥ መኪና ሲገዙ በግ አርደው ጎማውን ደም በሚያስነኩ ሰዎች ላይ ስቀልድ ነው የኖርኩት። ይህን የሚነግርህ ያ ሰው መሆኑን አትርሳ፣ ወዳጄ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ክረምት ነበር፣ ጋራዤ እዚያው ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ነበረች። ኦቦ ዲንሳ፣ አቶ ዲንሳ እንደማለት ነው፣ የሚባሉ ከጊምቢ ቡና የሚያመላልሱ የካሚዮን ሹፌር ነበሩ፣ ያን የዲዴሳን ወንዝ ገደላማ ቁልቁለት መዝሙር እያዜሙ የሚወርዱ፣ የተረጋጉ ሰው። አንድ ጠዋት መጡና መሪው ያንኳኳል አሉኝ፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ ብቻ ነው፣ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይመታል።

ሥራዬ ነውና ካሚዮኗን በክሪክ አነሳኋት፣ የፊት ጎማዎቹን በሁለት እጄ ይዤ ወዘወዝኩ፣ ጎማውን ከመሪው የሚያገናኙትን ዘንጎች ጫፍ ጫፋቸውን መረመርኩ፣ የመሪውን ሳጥን ከፍቼ ጥርሱን አየሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እስከ ከተማው መውጫ ነድቼ መለስኳት፣ እመነኝ፣ ድምፅ የሚባል የላትም። በሳምንቱ ተመለሱ። በሦስተኛውም ሳምንት ተመለሱ፣ አሁን መዝሙሩ ቀርቷል፣ ዓይናቸው ደም መስሏል፣ እንቅልፍ እንደሌላቸው ሚስታቸው ለባለቤቴ ለፀጌ ነግረዋታል፣ እኔም በልቤ ሰውዬው ዲዴሳን ፈርተዋል፣ እርጅና ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

እስቲ አብረን እንሂድ አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ወደ አኖ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጣን፣ እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ከጎናቸው ነኝ፣ ካፊያ ነበር፣ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። የመጀመሪያው የግራ መታጠፊያ ላይ ፊታቸው ተጨማደደና ሰማኸው ወይ አሉኝ፣ አልሰማሁም። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ፣ እኔ የምሰማው ሞተሩንና ዝናቡን ነው። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ፍጥነታቸውን ቀነሱና ወደ እኔ ሳያዩ፣

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ በጆሮ ካልሆነ በእጅህ ስማው፣ እስቲ እጅህን እዚህ አሳርፍ» አሉኝ።

ይህን የማይል ሹፌር የለም፣ በቀን አሥር ጊዜ የምሰማው ነገር ነው፣ እና እጄን በእጃቸው ላይ ደርቤ መሪውን ያዝኩ። ታጠፍን። መታኝ። የብረት ምት አውቃለሁ፣ ይህ ብረት አልነበረም፣ ከተዘጋ በር ጀርባ ሆኖ በጣቱ አጥንት የሚያንኳኳ ሰው ምት ነበር፣ ሁለት ጊዜ፣ ዝም፣ አንድ ጊዜ። ኦቦ ዲንሳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «ቆመ» አሉ። እስክንመለስ ድረስ እኔ በየግራ መታጠፊያው እሰማለሁ፣ እሳቸው መዝሙራቸውን ያዜማሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ የገባሁበት መኪና ሁሉ፣ የደንበኛ ጂፕ ይሁን አሮጌ አውቶቡስ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ያው ሆነ። ሥራዬን መሥራት አቃተኝ፣ እውነተኛውን ድምፅ ከዚህኛው መለየት ስላልቻልኩ አንድ ቀን የላላ ቡሎን አሳልፌ ሰው ዲዴሳ ገደል ልከት ነው እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አነጋ ጀመር።

በመጨረሻ ኦቦ ዲንሳን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጊምቢ አጠገብ አንድ የማያውቁት ሹፌር አስቁሟቸው መሪዬን ይዩልኝ እንዳላቸው ነገሩኝ።

«እጅዎን አሳርፉበት አለዎት?» አልኳቸው።

መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ወደ ሰው እንደሚያልፍ አላውቅም ነበር» አሉ። ያውቁ ይሆን? እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

እኔ ግን ለማንም እንዳላሳልፈው ለራሴ ማልኩ፣ ስነዳ ከጎኔ ሰው ማስቀመጥ ተውኩ። ምን ይሆናል፣ የፀጌ እህት አኖ ላይ ወለደችና ፀጌን ማድረስ ግድ ሆነብኝ፣ ጂፕ ተዋስኩ፣ ከኋላ ተቀመጪ ብላትም እንግዳ ነኝ እንዴ ብላ ከጎኔ ገባች። ያው መንገድ ነው፣ ያው ካፊያ ነው፣ ምቱ መጣ፣ ላቤ ይወርድ ጀመር፣ ፀጌ አሞሃል እንዴ ብላ ግንባሬን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ መሪውን የምትነካ መሰለኝና እጇን መታኋት። በትዳራችን እጄን አንስቼባት አላውቅም፣ እመነኝ። የመታኋትን እጇን በሌላኛው ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እኔም ይቅርታ የምልበትን ቃል እየፈለግኩ ሁለት መታጠፊያ አለፍን።

ከዚያ ፀጌ፣ አሁንም ወደ ውጭ እያየች፣ «ይኼ ከስር የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ትንፋሼን ውጬ ጆሮዬን ጣልኩ። ሞተሩ ነበር፣ ዝናቡ ነበር። ሌላ ምንም አልሰማሁም።