ቀይዋ አልፋና የአቶ አምባው ወገብ

ቀይዋ አልፋ መኪና ገና የአቃቂን ድልድይ ሳትሻገር ድምፅዋ ሱቁ ውስጥ ይሰማል። አሰጋሽም ያንን ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇ ሥራ ይፈታል። የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ከዚያ በራሷ ትናደድና ነጠላዋን መልሳ ታበላሸዋለች።

ጊዜው በ1957 ዓ.ም. ግድም ነው። አቃቂ በፋብሪካ ፊሽካ የምትተኛበት፣ በፋብሪካ ፊሽካ የምትነሣበት ዘመን። የአሰጋሽ አባት አቶ ገብረጻድቅ ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጡ በኋላ ከጣቢያው ፊት ለፊት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍተዋል። ሱቁን የያዘችው ግን እሷ ነች። አባትየው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ባቡሩ በሰዓቱ መምጣት አለመምጣቱን ይቆጣጠራሉ። ያዘዛቸው የለም፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። «ፊሽካ ሳይነፋ ባቡር አይነቃነቅም» የምትል አባባል አለቻቸው። ለባቡርም፣ ለእንግዳም፣ ለልጅ ትዳርም ያውሏታል።

የመኪናዋ ባለቤት ፈቀደ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነው። መኪናዋን የገዛት ወደ አገሩ ከተመለሰ ጣልያን ላይ ነው። ባለሁለት በር፣ መሬት የሳመች፣ በልጅነቷ እሽቅድምድም የምትወድ መኪና ነበረች፤ አሁን ቀለሟ ወይቧል፣ ጠባይዋ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ሱቁ የመጣው ለካንዴላ ነበር። ቀጥሎ ለአምፖል መጣ። ከዚያ በኋላ ለማያስፈልጋት ነገር ሁሉ ይመላለስ ጀመር። አንድ ጊዜማ የገዛውን ብሎን ባንኮኒው ላይ ረስቶ ሄደና በማግስቱ ያንኑ ብሎን ሊገዛ መጣ።

«ይሄ እኮ የራስህ ነው» አለችው።

«በምን አወቅሽ?»

«እዚህ ሱቅ ብሎን የሚረሳ ካንተ ሌላ የለም።»

እየሳቁ ተያዩ። መተያየቱ ረዘም አለና ሁለቱም አፈሩ። በሁለቱ ልብ ውስጥ ያለውን የአቃቂ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ ለሌላው መናገር ብቻ ነው የቀረው። ኩራት የሚሉት ነገር ግን ሁለቱንም አፋቸውን ይዟቸዋል።

ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ የፋብሪካው የመጋዘን ኃላፊ ካሳሁን ሽማግሌ ላከ። ካሳሁን ክፉ ሰው አይደለም፤ አሰጋሽም ይህንን ታውቃለች፤ ችግሩ የእሱ መኪና ድምፅ ቢሰማ እጇ ሥራ አለመፍታቱ ነው። አቶ ገብረጻድቅ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ ከመለሱ በኋላ «የመጪው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ መልስ እሰጣችኋለሁ» ብለው ቀጠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰጋሽ መቀመጥ አልቻለችም። ትነሣለች፣ በር ላይ ትቆማለች፣ ወደ ድልድዩ ታያለች፣ ትገባለች።

ፈቀደ የመጣው በዚያው ሰሞን፣ ሐሙስ ቀን ነው። መኪናዋን በር ላይ አቁሞ «እስቲ ኮፈኗን ተጭነሽ ልቀቂያት» አላት።

አሰጋሽ ከመብራቷ በላይ በሁለት እጇ ተጫነችና ለቀቀቻት። መኪናዋ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ላይ አለች። ቆመች ሲሏት እንደገና ተንጠራራች።

«አሞርዛተሮቿ አልቀዋል» አለችው። ጎንበስ ብላ ከጎማው ጀርባ አየች። የመንገዱን መንገጫገጭ ሊውጥ የተሠራው ቱቦ ዘይቱን አፍስሶ በአቧራ ተለጥፏል። «እንኳን ሌላ ነገር፣ ራሷንም አትችልም። አራቱንም መቀየር አለብህ፤ የሚሸከሟት ሞላዎቹም ደክመዋል።»

ከመደርደሪያው ሁለት ዓይነት አውርዳ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንደኛው ለስላሳ ነው፤ ለአስፋልትና ለከተማ ሰው ይሆናል፣ ወገብ አያሳምምም። ሁለተኛው ከነሞላው ጠንካራ ነው፤ ጭነት ተሸክሞ በጠጠር መንገድ ለሚውል መኪና የመጣ ነው።

ፈቀደ ሁለቱንም እያነሣ መዘናቸው። ፊቱ ላይ የተለመደው ሳቅ የለም።

«አሰብ የነዳጅ ማጣሪያ እየተሠራ ነው» አለ። «ኤሌክትሪሺያን አጥተዋል። ና ብለውኛል።»

የአሰጋሽ እጅ ባንኮኒው ላይ ቀረ። «እና?»

«እናማ አንቺ ምረጪልኝ። እዚህ ለሚኖር ሰው ለስላሳው ነው። አሰብ ለሚወርድ ጠንካራው ነው። የቱን ልግጠም?»

ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቷታል። «ለስላሳውን» ለማለት አፏን ከፈተች። ወዲያው ደግሞ ደሟ ፈላ። የካሳሁን ሽማግሌዎች ደጅ ሲመላለሱ እያየ፣ እሱ አንድም ሰው ሳይልክ፣ እሷ «አትሂድብኝ» ብላ እንድትለምነው ነው የሚፈልገው?

«ጠንካራውን» አለችው።

ፈቀደ ትክ ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። አራቱንም ከነሞላዎቻቸው በካርቶን አሥራ ሰጠችው፤ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ባንኮኒው ላይ ምንም አልረሳም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የልቧን የደበቀው የአሰጋሽ ዝምታ ግን ገና ሳይመሽ መንቀዝ ጀመረ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሰጋሽ ከእናቷ ከወይዘሮ ወርቅውሃ ጋር ጓዳ ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ ያንን ድምፅ ሰማች። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። በመስኮት ስታይ ቀይዋ አልፋ የሐዲዱን መሻገሪያ አልፋ በጥርቡ ድንጋይ መንገድ ላይ እንደ ፌንጣ እየዘለለች ትመጣለች። ቤታቸው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ከፊት በሽማግሌነት የታወቁት የቃሊቲው አቶ አምባው፣ ከኋላ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አጥፈው የተቀመጡት አቶ ኩምሳና አቶ ሳህሌ ወረዱ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ፈቀደ መሪው ላይ ቀረ።

«ሽማግሌ!» አለች እናቷ ባሏ ሰምተው እንዳይቆጡ በሹክሹክታ። «ልኳል ማለት ነው!»

አሰጋሽ መጋረጃው ጀርባ ተለጠፈች። 

ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ አቃቂ ውስጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ተቀመጡ ሲባል «ጉዳያችን ይሰማ» ይላል፣ ቆሞ ይናገራል፣ ቆሞ ይለምናል፤ የሚቀመጠው እሺታውን ሲያገኝ ነው። አቶ አምባውም ይህንን ሲያደርጉ ዕድሜያቸውን የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ከቃሊቲ እስከዚያ ድረስ ያ ጠንካራ ሞላ ወገባቸውን ሲወቅረው መጥቷል። አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ገቡ።

«እንደምን ዋላችሁ፤ አረፍ በሉ እንጂ» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

ከድሮው ጣቢያ የመጣው የእንግዳ ወንበር ሰው ሲቀመጥበት ይጮኻል። አሰጋሽ መጋረጃው ጀርባ ሆና ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማች።

«እግዚኦ!» አለች እናቷ።

አቶ አምባው ራሳቸውም ደነገጡ። ሊነሡ ሞከሩ፤ ወገባቸው እምቢ አለ። «ለጉዳይ ነበር የመጣነው...» አሉ ከወንበሩ ላይ።

«ጉዳይ ያለው ሰው ቆሞ ይናገራል» አሉ አቶ ገብረጻድቅ በትሕትና፤ በትሕትናቸው ውስጥ ግን የባቡር ሕግ አለ። «የተቀመጠ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል።»

ጠላ መጣ። ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ፋብሪካው አዲሱ ሕንፃ ተወራ። ዋናው ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አልቋልና አቶ ኩምሳና አቶ ሳህሌም ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጠጡ። ሲወጡ አቶ ገብረጻድቅ ወደ ጓዳው ዞር ብለው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። አሰጋሽ በሽንኩርቱ አሳበበችና እስክትጠግብ አለቀሰች። ያንን ሞላ የመረጠችው እሷ ነች።

ሰኞ ጠዋት ዓይኗን በጨው አጥባ ወጣች። ለስላሳዎቹን አሞርዛተሮች ከነሞላቸው በጆንያ ጠቅልላ ለኩሊ አሸክማ ፈቀደ መኪናውን ወደሚያሠራበት ወደ ዱሬሳ ጋራዥ ሄደች። ቀይዋ አልፋ ክሪክ ላይ ቆማለች። ሻንጣ የኋላ መቀመጫዋ ላይ ታሥሯል። ከሥሯ የመካኒኩ የዱሬሳ እግሮች ብቻ ይታያሉ። ፈቀደ ዘይት ይለካል።

«መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው።

«ነገ። ምን ልጠብቅ?» ጨርቁን ወረወረው። «ሂድ አልሽኝ፤ እሺ። ቢሆንም እስቲ ልሞክር ብዬ ሽማግሌ ላክሁ። አባትሽ በጠላ ሸኙልኝ። አቶ አምባው ‹አልሆነም ልጄ› ብለው ሌላ ቃል አልተነፈሱም።»

«አባቴ እኮ ምንም አልተነገራቸውም!»

«እንዴት አልተነገራቸውም?»

«አቶ አምባው ሳይናገሩ ተቀመጡ! ወገባቸውን መኪናህ ጨርሶት ነበር። አፍረው ነው የደበቁህ።»

 ከመኪናዋ ሥር የዱሬሳ መፍቻ መሥራቱን አቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች አሰጋሽ።  «ጠንካራውን የመረጥኩልህ ተናድጄ ነው። አንተ አፍ አውጥተህ እንድትለኝ ፈልጌ ነው። ለካሳሁን መልስ የሚሰጠው እሑድ ነው። እኔ ካሳሁንን አልፈልግም። አንተን ነው የምፈልገው። ይኸው፣ አልኩት።»

ጆንያውን ፈታችው። ፈቀደ ወደ ለስላሳዎቹ አሞርዛተሮች፣ ከዚያ ወደ ሻንጣው፣ ከዚያ ወደ እሷ አየ።

«ይሄ ለአሰብ መንገድ አይሆንም» አለ።

«አውቃለሁ።»

  ፈቀደ ሄዶ ሻንጣውን ፈታና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ዱሬሳ!» አለ። «ያንን አውጣው። ይሄን ግጠም።»

«ሰምቻለሁ» አለ ዱሬሳ ከሥር። «ሁሉንም።»

አቶ አምባውን ግን እንደገና መኪናዋ ላይ ማስወጣት የዋዛ ሥራ አልነበረም። «በዚያች ሰይጣን ከምሄድ በአህያ ልሂድ» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ፈቀደ ለምኖ ለምኖ ቅዳሜ ዕለት እስከ ሐዲዱ መሻገሪያ አንድ ጊዜ ወስዶ መለሳቸው። ሲወርዱ ወገባቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ይህቺ የዚያችኛዋ እህት ነች?» ብለው ጠየቁ።

እሑድ ጠዋት ሦስቱም መጡ። አሰጋሽ መጋረጃው ጀርባ ቆማለች። ዓይኗ ምንም አያይም፤ ጆሮዋ ወንበሩ ላይ ነው።

«አረፍ በሉ።»

«ጉዳያችን ይሰማ» አሉ አቶ አምባው።

«ይሰማል፤ አረፍ ብላችሁ።»

«አንቀመጥም።»

ወንበሩ አልጮኸም። አቶ አምባው ከዘራቸውን ተደግፈው ተናገሩ። ስለ ፈቀደ፣ ስለ ወላጆቹ፣ አሰብን ስለመተዉ ተናገሩ።  አቶ ገብረጻድቅ ጢማቸውን እየነኩ ቆዩ። አንድ ደቂቃ ሳይሆን አንድ ዓመት ቆዩ፤ ለአሰጋሽ እንደዚያ ነበር።

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለሌሎች ሰዎች መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መልሱ ምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም። በዚህ ቤት እስከ ዛሬ ሴት ልጅ ተጠይቃ አታውቅም።» ወደ መጋረጃው ዞሩ። «አሰጋሽ! ነዪ።»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።  የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። አቶ አምባው በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘዋል።

«ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?»

አንገቷን እንደ ደፋች ወንበሩን አየችው። ዝም ብትል ጨዋነት ነው፤ ያን ሐሙስ የልቧን መደበቋ ግን የት እንዳደረሳት ታውቃለች።

«አባባ» አለች፣ «እንግዶቹ ብዙ ቆሙ። ይቀመጡ።»

አቶ ገብረጻድቅ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። ከዚያ ተነሥተው ወንበሩን በገዛ እጃቸው አምጥተው ከአቶ አምባው ኋላ አስቀመጡት።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ።